ለከተማ መሬት ስለ ሰጠ ሰው
(የመሪጌታና የቀያሽ ምልልስ)

በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ በምትገኘው በሲያትል ከተማ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መካከል ሁለት ሰዎች፣ አንደኛው በቅኔና በአቋቋም ያደጉ ሸምገል ያሉ መሪጌታ፣ ሁለተኛው የመሬት ቅየሳ ተምሮ በዚያው ሞያ የሚተዳደር ጎልማሳ፣ ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጸዲቁ ተቀምሶ ሕዝቡ ሲበተን፣ ከተማዋን ስላቀኑት ሰዎችና ስለ ሰጡት መሬት ያደረጉት ንግግር እንደሚከተለው ተጽፏል። ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተገለጸ በቀር የዘመኑ ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው።

መሪጌታ፦ ልጄ፣ ወደ መካከለኛው ከተማ በወረድሁ ቍጥር ዴኒ የሚለውን ስም በመንገዱም በመናፈሻውም ተጽፎ አገኘዋለሁ። ከዩኒቨርሲቲው የሚማሩ ልጆቻችንም በዚሁ ስም የሚጠራ አዳራሽ እንዳለ ይነግሩኛል። የመሬትን ነገር የምታውቅ አንተ ነህና፣ ይህ ሰው ምን ቢሠራ ነው ስሙ በየስፍራው የቀረው?

ቀያሽ፦ የኔታ፣ ጥያቄዎ ለኔ የሚጥም ነው፤ አርተር ዴኒ ራሱ ቀያሽ ነበርና። በ1822 በኢንዲያና ተወልዶ፣ በኢሊኖይ መሬት ሲለካ ኖሮ፣ በ1851 ሚስቱን ሜሪንና ልጆቹን ይዞ በሠረገላ ወደ ምዕራብ ተሰደደ። ከፖርትላንድም ኤግዛክት በምትባል መርከብ ተሳፍረው፣ እርሱና ባልንጀሮቹ በኖቬምበር 13 ቀን ዝናም እየወረደባቸው አልካይ በተባለው የባሕር ዳርቻ ደረሱ። ቀድሞ የመጣው ታናሽ ወንድሙ ዴቪድ የጀመረው ቤት ጣራ እንኳ አልነበረውም፤ ሴቶቹም ይህን አይተው አለቀሱ ይባላል። ነገር ግን ክረምቱ ሳያልቅ ዴኒ ያ ስፍራ ለወደብ የማይበጅ መሆኑን ተረድቶ፣ በታንኳ እየዞረ የወሽመጡን ጥልቀት ሊለካ ተነሣ። መለኪያውም ሜሪ ልብስ የምታሰጣበት ገመድ ነበረ። በገመዱ ጫፍ የፈረስ ጫማ ብረት ታስሮ ወደ ውሃው ይለቀቃል፤ ብረቱ ከታች ሲያርፍ ገመዱ ይላላል፤ የሰመጠውም ርዝመት ይለካል። በምሥራቁ ዳርቻ ውሃው ለትልልቅ መርከብ የሚበቃ ሆኖ ስላገኙት፣ በፌብሩዋሪ 1852 ዴኒ፣ ቦረንና ቤል የሚባሉ ሦስት ሰዎች በዚያ ችካላቸውን ተከሉ።

መሪጌታ፦ መርከብ የሚቆምበትን ያወቀ ሰው ከተማ የሚቆምበትንም ያውቃል። ይሁን እንጂ ወደብ መምረጥ ብልኀት እንጂ ልግስና አይደለም። ስጦታው ወዴት ነው?

ቀያሽ፦ ስጦታው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የመጣ ነው። ዋሽንግተን ገና ከኅብረቱ መንግሥታት አንዷ ሳትሆን በግዛትነት ስትተዳደር፣ የግዛቲቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ዋና ከተማነትን፣ ወህኒ ቤትንና ዩኒቨርሲቲን ለየከተማው ያከፋፍል ነበር። ዴኒ ሲመኝ የኖረው ዋና ከተማነቱን ቢሆንም፣ ዳንኤል ባግሊ የተባለው የሜቶዲስት ሰባኪ ዩኒቨርሲቲው ይሻላል ብሎ አሳመነው። ሕጉ ቦታው 10 ኤከር እንዲሆንና በስጦታ እንዲገኝ ያዝዝ ስለ ነበረ፣ በ1861 አርተርና ሜሪ ዴኒ ባሕሩን ቍልቍል ከሚያየው ጕብታቸው ላይ ስምንት ኤከር ያህል ሲሰጡ፣ የቀረውን ኤድዋርድ ላንደር እንዲሁም ቻርልስ ቴሪና ሚስቱ ሞሉበት። በዚያው ዓመት በኖቬምበር 4 ቀን ትምህርት ተከፈተ። ያን ጊዜ ሲያትል ጥቂት መቶ ነዋሪ ብቻ ያላት የእንጨት መሰንጠቂያ መንደር ነበረችና፣ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አብዛኞቹ ፊደልና ሒሳብ የሚማሩ ልጆች ነበሩ። የመጀመሪያው የዲግሪ ምሩቅ የወጣው በ1876 ሲሆን፣ እርሱም አንዲት ሴት ነበረች።

መሪጌታ፦ የእርሱ መሬት ሁሉ ስንት ነበርና ነው ስምንት ኤከር የሰጠ?

ቀያሽ፦ ለባልና ሚስት በሰፋሪዎች የመሬት ሕግ የተፈቀደው 320 ኤከር ነው፤ በአገራችን መለኪያ ጋሻውን 40 ሄክታር ብንለው ከሦስት ጋሻ ጥቂት ይበልጣል። ስምንቱ ኤከር እንግዲህ ከአርባ እጅ አንዱ መሆኑ ነው።

መሪጌታ፦ ከአርባ አንድ! እንኳንስ የመበለቲቱን ሁለት ሳንቲም ሊያህል፣ ዐሥራትም አልሞላ።

ቀያሽ፦ ይህም ብቻ አይደለም፣ የኔታ። ዩኒቨርሲቲ የቆመበት መንደር ሰው ይመጣበታል፤ ሰው የመጣበት መሬት ዋጋው ይወጣል፤ በዚያ ጕብታ ዙሪያ የነበረው መሬት ደግሞ የዴኒ የራሱ ነበር። እኔ በምሠራበት ሞያ እንዲህ ያለውን ነገር መነገጃ እንጂ ስጦታ ብለን አንጠራውም። አንዱን እጅ ሰጥቶ የሠላሳ ዘጠኙን ዋጋ የሚያስወድድ ሰው ለጋስ ከተባለ፣ በከተማው ውስጥ ለጋስ ያልሆነ ነጋዴ አይገኝም።

መሪጌታ፦ ቍጣህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁለት ነገሮችን አንድ አድርገህ እንዳትፈርድ እፈራለሁ። ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ የሚለው ትእዛዝ ለነዳያን ስለሚሰጥ ምጽዋት የተነገረ ነው፤ ምጽዋት በስውር ቢሰጥ ተቀባዩም አያፍር፣ ሰጪውም አይታበይ። ለከተማ የሚሰጥ መሬት ግን ተሰውሮ ሊሰጥ አይችልም፤ ወሰኑ ተለክቶ፣ ምስክር ተቈጥሮ፣ በመዝገብ ካልገባ በቀር የሰጪው ልጅ ልጅ ተመልሶ ሊነጥቀው ይችላልና። እንግዲህ ባሕርዩ በአደባባይ መሆንን ግድ የሚል ስጦታ ውዳሴ ከንቱና ጥቅም ሊጠጋው መቻሉ የማይቀር ነው። የዴኒን ኅሊና መመርመር ኵላሊትንና ልብን ለሚመረምረው እንተውለትና፣ እኛ ለሰው የተፈቀደውን፣ ማለት ውሉን እንመርምር። ለመሆኑ በዚያ ዘመን ከዴኒ ይልቅ እጁ የተፈታ ሰው አልነበረም?

ቀያሽ፦ ነበረ እንጂ! ሐኪሙ ዴቪድ ሜናርድ በ1852 መጣ። ያን ጊዜ መንደሩ ዱዋምፕስ ይባል ነበር፤ በወዳጁ በሲያትል ስም ይጠራ ብሎ ያሳመነ እርሱ ነው፤ ሲያትልም በአባቱ ከሱኳሚሽ፣ በእናቱ ከዱዋሚሽ የሚወለድ አለቃ ነበር። ሄንሪ የስለር በዚያው ዓመት በእንፋሎት የሚሠራ መሰንጠቂያ ሊተክል ቦታ ሲሻ፣ ሜናርድና ቦረን ከይዞታቸው ቈርሰው ሰጡት፤ ከተማዋን ከተማ ያደረጋትም ያ መሰንጠቂያ ነው። ሜናርድ ባለሞያ ይምጣልኝ እያለ መሬቱን ለመጣው ሁሉ በርካሽም በነጻም ይሰጥ ነበር። በመጨረሻ ግን፣ ከቀድሞ ሚስቱ ጋር በነበረው ጋብቻና ፍች ምክንያት መንግሥት የይዞታውን እኵሌታ ወሰደበት፤ በ1873 ሲሞትም ከዚያ ሁሉ መሬት የተረፈው ጥቂት ነበር። ዴኒ ግን በ1899 ባዕለ ጸጋ ሆኖ ዐረፈ። እኔ ብጠየቅ ትልቁ ሰጪ ሜናርድ ነው።

መሪጌታ፦ እነዚህ ሁለት ሰዎች ተስማምተው ኖረዋል?

ቀያሽ፦ አለመስማማታቸውን እስከ ዛሬ በእግሬ እረግጠዋለሁ። በሜይ 23 ቀን 1853 የመንደሩን ካርታ ሊያስመዘግቡ በቀረቡ ጊዜ፣ ዴኒና ቦረን መንገዶቻቸውን የባሕሩን ዳርቻ ተከትለው አሰመሩ፤ ሜናርድ ደግሞ እንደ ኮምፓሱ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሁን ብሎ አሻፈረኝ አለ። ዴኒ በ1888 ባሳተመው መጽሐፍ ሜናርድ ያን ቀን ጠጥቶ እንደ ነበር አስታውሷል፤ ለሕጉ ሥርዐት የቀረበው ግን የጠጣው ነበር፣ የመንግሥት ቅየሳ በሰሜንና በደቡብ መስመር የሚሄድ ነበረና። ከዚህም የተነሣ ዛሬ የስለር በሚባለው መንገድ ላይ፣ ከሰሜን የወረደው ጎዳና ከደቡቡ ጋር ሳይገጥም ይሰበራል፤ ሹፌሩ መሪውን ይጠመዝዛል፣ እግረኛው መብራት ጠብቆ በአግድም ይሻገራል። የሁለት ሰዎች እልክ ለከተማው ሕዝብ የዕለት መንገድ ሆኖ ቀረ።

መሪጌታ፦ በሰጪ ፈቃድና በሰጪ እልክ መካከል ያለውን ልዩነት ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ አላገኝም፤ ሁለቱም መሬት ላይ ይቀራሉና። ነገር ግን ስለ ሜናርድ የፈረድኸውን ፍርድ መልሰህ እንድታየው እለምንሃለሁ። ሜናርድ የሰጠው ለግለሰብ ነው፤ ባለሞያው ተቀበለ፣ ሸጠ፣ ሞተ፤ የገዛውም ሸጠ፣ ሞተ። ለሟች የተሰጠ ነገር ከሟች ጋር ይሄዳል። ዴኒ ደግሞ በልቡ ትርፉን እያሰላም ቢሆን፣ የሰጠው ለማይሞት ተቀባይ ነው። ልግስናው የሜናርድ ይበልጣል፤ ስጦታው ግን የዴኒ ይጸናል።

ቀያሽ፦ ታናሽ ወንድሙን ዴቪድን ቢያዩት ነገርዎ ይበረታል። እርሱ ለከተማው የመቃብር ስፍራ ሰጥቶ ነበር፤ በ1884 አጽሙ ወደ ሌላ ቦታ ፈልሶ የከተማዋ የመጀመሪያ የሕዝብ መናፈሻ ሆነ። ዴቪድ ግን በ1893 በደረሰው የገንዘብ ቀውስ ያለውን ሁሉ አጥቶ፣ በ1903 ደኽይቶ ሞተ። ለራሱ ያስቀረው መሬት ከእጁ ሲወጣ፣ ለከተማው የሰጠው ዛሬም በቤተሰቡ ስም ይጠራል።

መሪጌታ፦ እነሆ፣ ትርጓሜ የማያስፈልገው ነገር ነው። አሁን ግን እስከዚህ ድረስ ሳልጠይቅህ ያቈየሁትን ልጠይቅህ። ከተማው ከዴኒ ተቀበለ፤ ዴኒስ ከማን ተቀበለ?

ቀያሽ፦ ከመንግሥት፣ የኔታ። ኮንግሬስ በ1850 ባወጣው ሕግ፣ በኦሬገን ግዛት ሰፍሮ አራት ዓመት ያረሰ ነጭ ሰፋሪ መሬቱን በነጻ ያገኛል፤ ሚስትም ድርሻዋን በራሷ ስም ትይዛለች። ስለዚህ ሜሪ ዴኒ በዩኒቨርሲቲው ስጦታ ከባልዋ ጋር መጠራቷ ለወጉ ያህል አልነበረም።

መሪጌታ፦ ኮንግሬስስ ከማን ተቀበለ?

ቀያሽ፦ በዚህ ላይ ሲደርሱ ሰነዶቹ ቅደም ተከተላቸው ይፋለሳል። ዴኒ ችካሉን የተከለ በ1852 ነው፤ የአገሩ ተወላጆች መሬቱን የለቀቁበት ውል በሙኪልቲዮ የተፈረመው ግን በጃንዋሪ 22 ቀን 1855 ነው፤ የአሜሪካ ሴኔት ያጸደቀውም በ1859 ነው። አለቃው ሲያትልም በዚያ ውል ላይ ምልክቱን አኑሯል። እንግዲህ ባለቤቱ ገና ሳይለቅ፣ ሰጪው ሰጥቶ፣ ተቀባዩ ለክቶ፣ መንገድ አስምሮ፣ ሸጦ ነበር ማለት ነው። በዛሬው ቢሮዬ እንዲህ ያለ ፋይል ቢቀርብልኝ አልፈርምበትም።

መሪጌታ፦ አበ ብዙኃን አብርሃምን አስበው። ምድሪቱን ሁሉ ለአንተና ለዘርህ እሰጣለሁ የሚል ቃል ኪዳን ከፈጣሪው አፍ የሰማ ሰው ሲሆን፣ ሣራ በሞተች ጊዜ ግን ኪዳኑን እንደ ሰነድ ይዞ ዋሻውን አልወረሰም። ኤፍሮን በነጻ ውሰድ ቢለው እንኳ እንቢ ብሎ፣ በኬጢ ልጆች ፊት አራት መቶ ሰቅል ብር መዘነለት። ዳዊትም ንጉሥ ሳለ የኢያቡሳዊውን የኦርናን ዐውድማ ለመሠዊያ ሲፈልግ፣ ኦርና ዐውድማውንም በሬዎቹንም በስጦታ ቢያቀርብለት፣ ያለ ዋጋ ያገኘሁትን ለአምላኬ አላቀርብም ብሎ ከፈለ። ከነዚህ ከሁለቱ አንድ ሥርዐት እንማራለን፤ ለእግዚአብሔርም ሆነ ለሕዝብ መሬት የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ ከባለቤቱ ጋር ሒሳቡን መጨረስ አለበት። ለመሆኑ እነዚያ የአገሩ ሰዎች ሰፋሪዎቹን እንዴት ተቀበሏቸው?

ቀያሽ፦ በመልካም ተቀበሏቸው። ሜሪ ዴኒ ከመርከብ ስትወርድ በፖርትላንድ የወለደችውን የሁለት ወር ሕፃን ታቅፋ ነበር፤ ታማም ስለ ነበረች ጡቷ ደርቆ ልጁ ሊጠፋ ሲል፣ የአገሩ ሴቶች ከባሕሩ ቅርፊት ለበስ የተቀቀለውን መረቅ እንድታጠጣው አሳዩአት፤ ሕፃኑም በዚያ ዳነ። ሰፋሪዎቹ በዚህ ዳርቻ ከተቀበሏቸው ስጦታዎች የመጀመሪያዎቹን ብንቈጥር አንዱ ይህ ነው፣ የኔታ፤ በመዝገብ ግን አልገባም። ዐሥራ ሦስት ዓመት አልፎ በ1865 ከተማዋ ሕጋዊ ሰውነት ባገኘች በጥቂት ሳምንት ውስጥ፣ ቀጣሪው ካላስጠለለው በቀር አንድም ተወላጅ በከተማው ውስጥ እንዳይኖር ደንብ ወጣ። በ1866 ደግሞ ለዱዋሚሾች በወንዛቸው አጠገብ ቦታ ይከለልላቸው የሚል ሐሳብ ሲነሣ፣ ከ150 የሚበልጡ ሰፋሪዎች ይህ አይሁን የሚል አቤቱታ ፈርመው፣ ያን ጊዜ በኮንግሬስ የግዛቲቱ እንደራሴ ወደ ነበረው ወደ አርተር ዴኒ ላኩ። ቦታውም ሳይከለል ቀረ።

መሪጌታ፦ አለቃውስ?

ቀያሽ፦ በዚያው በ1866 ሞተ። ልጁ ኪኪሶብሉ ግን ደንቡን ሳትፈራ በባሕሩ አጠገብ በአንዲት ጎጆ ልብስ እያጠበች፣ ዘንቢል እየሠራች፣ እስከ ሞተችበት እስከ 1896 ድረስ በአባቷ ስም በሚጠራው ከተማ ኖረች። የዱዋሚሽ ነገድ ዛሬም በፌዴራሉ መንግሥት ዘንድ በነገድነት አልታወቀም፤ በ2001 አንዱ አስተዳደር ሊወርድ ሲል ፈቅዶላቸው፣ የተተካው ወዲያው ሻረባቸው። እንግዲህ ነገሩ ይህ ከሆነ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅ ብለን የዴኒን ስጦታ ከናካቴው ባዶ ብንለው አይሻልም?

መሪጌታ፦ አይሻልም፤ ምክንያቱን ስማኝ። በዚያ ቦታ የተማረው ልጅ የቈጠረው ፊደል ሐሰተኛ ፊደል አልነበረም፤ የተመረቀችውም ሴት ያገኘችው ዕውቀት የተሰረቀ አይባልም። ከጥፋት የተነሣውን በጎ ነገር ብንክድ፣ ለተበደለው የምንከፍልበትን እጅ እንቈርጣለን። ስጦታው እውነት ነው፤ ዕዳውም እውነት ነው። ከተማው ስጦታውን ሲወርስ ከነዕዳው ወርሷል ብዬ እፈርዳለሁ። ርስት የወረሰ ልጅ የአባቱን ብድር አላውቅም እንዳይል ሥርዐት እንደሚያስገድደው፣ ተቀባዩ ከተማም በሰጪው ትከሻ ላይ የነበረውን ተሸክሞ ይሄዳል። ስለዚህም ዴኒ ጻድቅ ነበር ወይስ ኃጥእ እያልን ከምንከራከር፣ ተቀባዩ በተቀበለው ምን አደረገበት ብለን ብንጠይቅ ወደ ፍሬው እንቀርባለን።

ቀያሽ፦ ተቀባዩ ሊያባክነው ጥቂት ቀርቶት ነበር። ዩኒቨርሲቲው በ1895 ወደ ሰፊው የዛሬ ቦታው ሲዛወር፣ የቦርዱ አባሎች አሮጌውን ዐሥር ኤከር ሊሸጡት ዐስበው ነበር። ዘመኑ ከ1893ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ነበርና የመሬት ዋጋ ወድቆ ነበር፤ በመጨረሻም መሸጡን ትተው ማከራየትን መረጡ። በ1907 አንድ ኩባንያ ቦታውን በሊዝ ይዞ ሕንጻ ይሠራበት ጀመር፤ የቀድሞው ትምህርት ቤት ፈርሶ በስፍራው በ1924 የኦሊምፒክ ሆቴል ተከፈተ። ዛሬ በዚያ ግቢ ሰማይ ጠቀስ ሕንጻዎች ቆመውበታል፤ መሬቱ ግን አሁንም የዩኒቨርሲቲው ነው፤ በየዓመቱም በሚሊዮን የሚቈጠር ዶላር ያስገባለታል። ከመጀመሪያው ሕንጻ ከተረፉት መካከል አራቱ የእንጨት ዐምዶች ይገኙበታል፤ እነርሱም በአዲሱ ግቢ ከዛፎች መካከል ተተክለዋል።

መሪጌታ፦ እንግዲህ የስጦታው ትልቅነት በ1861 አልተፈጸመም፤ ላለመሸጥ በተወሰነበት ቀን ነው እንጂ። ሰጪው አንድ ቀን ይሰጣል፤ ተቀባዩ ግን በየዓመቱ ላለመሸጥ እንደ ገና መወሰን አለበት። አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ነገሥታቱ ለገዳማት ጕልት ሲሰጡ፣ የመሬቱን ስም፣ የምስክሮቹን ማዕርግና የሻረው ላይ የሚወድቀውን ግዝት በወንጌሉ ባዶ ገጽና በኅዳጉ ላይ ያጽፉ ነበር፤ የሽመዛና ደብረ ሊባኖስ ወንጌለ ወርቅ ለዚህ ምስክር ነው። በመቅደስ በየዕለቱ የሚገለጥ መጽሐፍ ሊሰወር አይችልም ብለው ነው።

ቀያሽ፦ ነገር ግን፣ የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ያ ሁሉ ግዝት በየካቲት 1967 ዓመተ ምሕረት በታወጀ በአንድ አዋጅ ታጠፈ። የገጠር መሬት ሁሉ የመንግሥት ሲሆን የቤተ ክርስቲያኗም አልቀረ።

መሪጌታ፦ ታጥፏል፤ አልክድህም። ያንም ስናለቅስበት ኖረናል። ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ጕልቱን የሰጠው ንጉሥ በዚያ መሬት ላይ ያርስ የነበረውን ጭሰኛ በሰነዱ ላይ ምስክር አድርጎ አላስቈጠረውም፤ ያልተቈጠረውም ሰው ቀን ሲመጣለት ስለ ሰነዱ አልተከራከረም። ግዝት ብቻውን መሬት አይጠብቅም፤ በመሬቱ ላይ የሚኖረው ሰው የኔ ነው ሲለው ነው የሚጠበቀው። በዚህ ላይ ሌላ ምሳሌ ልጨምርልህ። ዴኒ ጕብታውን በሰጠ ልክ በመቶኛው ዓመት፣ በ1961፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ከነግቢው ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። ከዚያም መንግሥቱ ተገለበጠ፤ በበሩ ላይ የነበረውም የንጉሡ ስም ተነሥቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ ስጦታው ግን ይኸው እስከ ዛሬ አለ፤ ተማሪው ይማርበታል፣ በቤተ መንግሥቱም ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከነሙዚየሙ ተቀምጧል። ስሙ የሰጪው ነበርና ከሰጪው ጋር ሄደ፤ ጥቅሙ የሕዝቡ ነበርና ከሕዝቡ ጋር ቀረ።

ቀያሽ፦ ይህን ሁሉ በከንቱ አልጠየቁኝም ብዬ እጠረጥራለሁ።

መሪጌታ፦ ጥርጣሬህ ልክ ነው። አንድ ምእመን፣ ስሙን ለጊዜው ልተወውና፣ ከከተማው በስተደቡብ ያለውን መሬቱን ለቤተ ክርስቲያን መሥሪያ ሊሰጠን ፈቅዷል። የቤት ኪራይ ሲወደድ ከመካከለኛው ሰፈር ወደ ሬንተንና ወደ ኬንት የወጡት ወገኖቻችን እጅግ ብዙ ስለሆኑ ቦታው ይመቻል። ነገር ግን ሰጪው ስሙ በበሩ ላይ እንዲጻፍና እርሱም ልጆቹም በሰበካው ጉባኤ ለዘለዓለም መቀመጫ እንዲኖራቸው ይሻል። እኵሌቶቹ ሰዎቻችን እንቀበል ይላሉ፤ እኵሌቶቹ ለስሙ ብሎ ነው፣ ይቅርብን ይላሉ። ውሉን ከጠበቃው ጋር ሆነህ እንድታረቅቅልን ነው የፈለግሁህ።

ቀያሽ፦ እንዲህ ከሆነ የማስበውን ልንገርዎ። ስሙንና ሥልጣኑን እንለያያቸው። ስሙ ይጻፍ፤ የበር ላይ ጽሑፍ ማንንም አይጎዳም። መቀመጫው ግን አይሆንም፤ በሰጠው ላይ የሚያዝ ሰው አበደረ እንጂ አልሰጠም። ዴኒ ጕብታውን ሲሰጥ ዩኒቨርሲቲው በስሙ አልተሰየመም፤ በአዲሱ ግቢ የመጀመሪያው ሕንጻ በስሙ የተጠራው ከሞተ በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ መሬቱ እንዳይሸጥ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አንድ ቀን ቢዛወር እንኳ እየተከራየ ገቢው ለምእመናን ልጆች ትምህርት እንዲውል ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ለስጦታው ምስክር ሆኖ የሚፈርመው ሽማግሌው ብቻ አይሁን፤ በዚያ ሰፈር የሚኖሩት፣ ሴቶችም ወጣቶችም፣ ይፈርሙበት።

መሪጌታ፦ ሚስቱም ከእርሱ እኩል ትጻፍ፤ ሜሪ ዴኒ የራሷን ድርሻ ነበር የሰጠችው ብለሃልና። ስለ ዕዳውስ? የዚያም መሬት ሰነድ ወደ ኋላ ቢመረመር ወደ 1855ቱ ውል መድረሱ አይቀርም።

ቀያሽ፦ ይደርሳል። በዚህ ከተማ ከ2017 ጀምሮ ብዙ ነዋሪዎች «እውነተኛ ኪራይ» በሚባል ሥርዐት በፈቃዳቸው በየወሩ ለዱዋሚሽ ነገድ ገንዘብ ይከፍላሉ። ማንም አያስገድዳቸውም። ሰበካችን ከዓመት በጀቱ ጥቂት ቢመድብ የሚከብደው አይመስለኝም።

መሪጌታ፦ ይከብዳል የሚሉ ይነሣሉ። እኛ የመጣነው ትናንት ነው፣ ማንንም አላፈናቀልንም፣ እንዲያውም እኛው ተፈናቅለን ነው የመጣን ይላሉ።

ቀያሽ፦ እውነታቸውን ነው፤ አላፈናቀልንም። ነገር ግን እኔ የመሬት ወሰን ስጽፍ ከአንድ መነሻ ነጥብ እጀምራለሁ፤ ከዚያ ይህን ያህል ወደ ምሥራቅ፣ ይህን ያህል ወደ ደቡብ እያልሁ ዞሬ እዚያው መነሻዬ ላይ ካልደረስሁ ወሰኑ አልተዘጋም፤ ሰነዱም ዋጋ የለውም። መነሻውን ያኖረው ቀያሽ እኔ ባልሆንም፣ የቀድሞው ስሕተት በኔ ፊርማ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የዱዋሚሾች ስም በውሉ መጨረሻ እንደ ምስጋና እንዳይገባ፣ በመጀመሪያው ዐንቀጽ ከመሬቱ ታሪክ ጋር እንዲጻፍ እሻለሁ።

መሪጌታ፦ መልካም። እንግዲህ ረቂቁን ለጉባኤው አቅርበው፤ እኔም ከጎንህ ቆሜ እናገራለሁ። ሰጪውን ምእመን ደግሞ ለብቻው እኔ አነጋግረዋለሁ፤ መቀመጫውን ትቶ ስሙን ብቻ ከተቀበለ፣ እሰየው፣ በበሩ ላይ ከሚስቱ ስም ጋር በጥሩ ድንጋይ እናስቀርጽለታለን። መቀመጫው ካልተሰጠኝ አልሰጥም ካለ ግን፣ መሬቱን ለራሱ ያቈየው፤ እኛም አሁን እንደምንኖረው ተከራይተን እንቀድሳለን። ቅዳሴ በኪራይ ቤት ይቀደሳል፤ በሰው ቍጥጥር ሥር ያለ ጉባኤ ግን የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ሊባል አይችልም።